ወደ ውስጥ የገባው ክር

ባትላሜራው ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የማንንም መኪና ኮፈን ቀድዶ አያውቅም። የተጨማደደ ያቃናል፣ የዛገ ቆርጦ ይቀይራል፣ የጠፋ በር ከባዶ ላሜራ ያወጣል። ኮፈኔ ላይ የአየር መሳቢያ አውጣልኝ ያለውን ደንበኛ ግን ወደ ሌላ ጋራዥ ይልከዋል። «መብሳት ከፈለግህ ጆሮ የሚበሱ አሉ» ይለዋል። ደንበኛው ይስቃል፤ እሱ አይስቅም።

ምክንያቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ የመኪና ወንበር ቆዳ አለብሳለሁ። ግቢያችን አንድ ነው፤ የሚለየን የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ መዶሻውን ሲያነሳ እኔ መርፌዬን አቆማለሁ፤ እንዲህ ነው የተግባባነው።

ታናሽ ወንድሙ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ዔሊ ነበር የሚሉት። ቀድሟቸው ገብቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ስለሚያገኙት፣ ተወዳዳሪዎቹ «አንተ ዔሊ፣ መቼ ደረስክ?» ማለት ጀመሩ፤ በዚያው ቀረ። መኪናዋ ያኔም አሮጌ ነበረች። መሬት የምትልስ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ የድሮ የውድድር መኪና። አንድ ችግር ነበረባት፤ ሞተሯ ይግላል።

ባትላሜራው መላ መታ። ከኮፈኑ ፊት አየር የሚያስገባ ጉብታ አወጣ፤ እሱ ደህና ነበር። ትኩሱ አየር የሚወጣበት ደግሞ ያስፈልጋል ብሎ፣ ከኮፈኑ ጫፍ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዓሣ ስንጥብ የመሰሉ ሦስት ረጃጅም ቀዳዳዎች ከፈተ። «ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይወስደዋል» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አስተማሪ አልነበረንም፤ ያወቅነውን ያወቅነው እያበላሸን ነው።

የኔም ድርሻ ነበረበት። የማርሹን ዱላ ሥር የሚሸፍነውን ቆዳ ገና አልሰፋሁትም ነበር። «ከውድድሩ በኋላ» ብዬ አሳደርኩት።

በውድድሩ ቀን ዔሊ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሶ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከግጭቱ አልተረፈም። አስፋልቱ ላይ ፍሬን የያዘበት ምልክት አልተገኘም። ሰው ያየውን ተናግሮ ያላየውን ጨመረበት፤ «ሲጠጣ አድሮ እንቅልፍ ወስዶት ነው» ተባለ። ሚስቱ ሰማች፤ አመነችም። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ታቅፋ ነበር።

ኮፈኑ በግጭቱ ተነቅሎ ሣር ላይ ስለወደቀ ከጭረት በቀር ምንም አልሆነም። ባትላሜራው መኪናዋን ዓመት ሙሉ ቀጥቅጦ አዳናት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንድ እሁድ ነጭ ክር ስጠኝ ብሎ መጣ። በጣት ልክ በጣት ልክ ቆራርጦ፣ አንደኛውን ጫፍ በፕላስተር ኮፈኑ ላይ ለጠፈው። እሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰው ወደማይበዛበት መንገድ ወጣን።

ፊት ያሉት ክሮች ወደ ኋላ ተኙ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት ግን ዞር አሉና አንድ በአንድ ቀዳዳው ውስጥ ገቡ። ነፋሱ መስታወቱን ሲመታ መሄጃ አጥቶ ይከማቻል፤ ያገኘው በር የኛን ቀዳዳ ነው። ሊወጣ የነበረውን ሙቀትና ጭስ ሁሉ በፔዳሉና በማርሹ ሥር ወደ ተቀመጥንበት ይገፋል። በፈጠንን ቁጥር ክሮቹ ይበልጥ ይገባሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ራሴን አዞረኝ። መኪናዋን አቆመ።

«ለማንም እንዳይነገር» አለ።

«ለማንም» አልኩ።

መሐላችን ይኸው ነበር።

መኪናዋ ጓሮ ሸራ ለበሰች፣ ኮፈኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነፋስ ሲነሳ በእነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች ሰው የተኛ ያህል ይተነፍሳል። ባትላሜራው አልወደደውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ከዚያ ወዲህ መተንፈሱን ትቶ ማንሾካሾክ ጀመረ። በየማለዳው ደህና አደርክ ከማለቱ በፊት «ጭስ አይሸትህም?» ይለኛል። «አይሸተኝም» እለዋለሁ። ይሸተኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሃያ ሁለት ዓመት ሞላን፤ የዔሊ ልጅ መጣች። መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሲዋሽ እጁን ነው የምታየው።

«አጎቴ፣ ያባቴን መኪና ልወስዳት ነው» አለችው። «በሚቀጥለው ወር ያሮጌ መኪኖች ሩጫ አለ። በዚያው መንገድ።»

«አዲስ ኮፈን እሠራልሻለሁ። ድፍን።»

«ለምን ድፍን? ፎቶው ላይ ቀዳዳ አለው።»

«ዝናብ ያስገባል።»

«እነሱ ታዲያ በጃንጥላ ነበር እንዴ የሚወዳደሩት?»

ፊቱን ወደ ላሜራው መለሰ። እሷም ቀልዱን ተወችው።

«የሰካራም ልጅ ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ አንተም ታውቃለህ። በሱ መኪና፣ በሱ ኮፈን ሆኜ ያንን መታጠፊያ ስታጠፍ እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።»

ሳምንቱን ሙሉ ምክንያት ሲያመርት ከረመ። ላሜራው ሳስቷል፣ ማጠፊያው ላልቷል፣ ቀለሙ አይገኝም። እሷ የሳሳውን አስበየደች፣ የላላውን አጠበቀች፣ ቀለሙንም ካልጠበቀችው ቦታ አገኘችው።

«ንገራት» አልኩት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ።

«አንተ ንገራት።»

«ቀዳዳው ያንተ ነው።»

«ቆዳውስ?»

መርፌዬን አነሳሁ።

በማግስቱ ልጅቱ እኔ ዘንድ ገባች። «ጋሼ፣ ቀይ ክር አለህ?»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። «ምን ልትሰፊበት?»

«አልሰፋበትም። ኮፈን ላይ ከለጠፉት አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል አሉኝ። አጎቴ የሆነ ነገር ደብቆኛል፤ ያንን ቀዳዳ ሲያይ እጁ መዶሻውን ይረሳል።»

ክር የለኝም ብል ማን ያምነኛል። ሰጠኋት።

ኮፈኑን ገጥማ ክሮቹን ለጥፋ ስትጨርስ ባትላሜራው ከወርክሾፑ ወጣ። ቀዩን ክር አየና ባለበት ቆመ።

«በከንቱ ነው የለፋሽው» አላት።

«ለምን?»

«ይገባል።»

«ምኑ?»

«ክሩ። ይወጣል ስትይ ይገባል።»

ቀና ብላ አየችው። «ሳልነዳት በምን አወቅህ?»

እሱ ወደኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ጫማዬ ተመለከትኩ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ከዚህ ሰውዬ ጋር። አባትሽ በሞተ በዓመቱ።»

ከዚያ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ ሙቀቱን፣ ቀዳዳውን፣ የኔን ቆዳ እንኳ አልረሳም። እሷ ቀይ መብራት የጣሰ ተማሪ ሲያስረዳት እንደምትሰማ ሰማችው፤ አላቋረጠችውም።

«ልየው» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ ግባ። አጎቴ፣ አንተ በታክሲ መታጠፊያው ጋ ጠብቀን።»

መስኮት ልከፍት ስል «አባቴ ከፍቶ ነበር?» አለችኝ። ዘጋሁት።

ረጅሙን መንገድ ያዝን። ክሮቹ መጀመሪያ ተርገበገቡ። ፍጥነት ስትጨምር የፊቶቹ ወደ ኋላ ተኙ፤ ከመስታወቱ ሥር ያሉት ዞሩ። በዚያው ቅደም ተከተል ይመስለኛል አንድ በአንድ ገቡ። ቀለማቸው ባይለይ ያ እሁድ ነው እል ነበር። ከእግሬ ሥር ሙቀቱ መጣ፣ ጭሱም ተከተለ። ሁለታችንም አልሳልንም። ከመኪናዋ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ያለ ይመስል ጥግ ጥግ ይዘን ነበር የተቀመጥነው።

መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ አቆመች። ባትላሜራው መንገዱ ዳር ቆሟል። መስኮቱን አወረደች።

«ይሸታል» አለችው።

«አዎ።»

«እኔን በአምስት ደቂቃ ሸተተኝ። እሱን አልሸተተውም?»

ይሄን እኔም ጠይቄው አላውቅም። ለምን እንዳልጠየቅኩት ያኔ ገባኝ።

«ሸቶት ነበር» አለ። «ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት፣ ልምምድ ላይ። ‹ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳህ ፊቴ ላይ እየተነፈሰ ራሴን አዞረኝ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ሰው ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር።» ወደ ኮፈኑ ተመለከተ። «‹ማታ የጠጣኸው ነው ያዞረህ፤ የኔን ሥራ አትማ› አልኩት። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ዔሊ በዓመት አንዴ ቢጠጣ ነው።»

እኔም ከሳቁት ውስጥ ነበርኩ። ቀልዱን አስታውሰዋለሁ። ወሬው ከየት ተነሳ እያልን ሃያ ሁለት ዓመት ስንገረም፣ ከዚያች ቀልድ ጋር አንድ ቀን አገናኝቼው አላውቅም። እሱ ግን ያውቅ ነበር። በየማለዳው የሚሸተው እሱ ነው።

ልጅቱ እጆቿን ከመሪው ላይ አላነሳችም።

«ለእናቴ ትነግራታለህ» አለች። «እኔ አልነግርልህም።»

«እሺ።»

«አሁን።»

«ልብስ ልቀይር፤ እንዲህ ሆኜ...»

«አጎቴ፣ አሁን።»

ከዚህ ኮፈን ጋር አንድ ሜትር አልነዳም አለች። ሦስታችን ፈትተን ሣሩ ላይ አስተኛነው። ወንበሩ ሁለት ነው፤ እኔ ቀረሁ፣ እሱ ገባ። ሞተሯን ገልጣ፣ ወንድሙን ሰካራም ያሰኘውን ሰው አጠገቧ አስቀምጣ ታጠፈች። በደንብ ነው የታጠፈችው። ያያት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ኮፈኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ መንገደኛ ቆመ።

«የሚሸጥ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ማን ይወስደዋል ብለህ ነው?» ብሎኝ ሄደ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጅቱ ዕቃ መጫኛ መኪና ተከራይታ ብቻዋን መጣች። ፊቷ ታጥቧል።

«ነገራት?» አልኳት።

«ነገራት። ቀልዱንም ጭምር።»

«ምን አለች?»

«እስኪጨርስ ሰማችው። በኋላ እሱ ሊሄድ ሲነሳ ‹ተቀመጥ፣ ገና አልጠየቅኩህም› አለችው። እስካሁን አልጠየቀችውም። ተቀምጠዋል።»

ከሣሩ ላይ ተነሳሁ። «የቆዳውን ነገርስ?» አልኩ፤ ብተወው ይሻል ነበር።

«እሱም ተነግሯል። ላንተም ከሱ አጠገብ ወንበር አውጥታ አስቀምጣልሃለች።»

ኮፈኑን ለማንሳት ጎንበስ አልን። እሷ ጣቶቿን በቀዳዳው ውስጥ ከትታ ያዘችው።

«በሱ አትያዢው» አልኳት። «ጠርዙ አልተሞረደም፣ ይቆርጥሻል።»

«አንሳ ጋሼ» አለችኝ።

አነሳን።