የሽንኩርት ነጋዴውና ቁጥር ሁለት

እና ማን ሰው ነው በራሱ ሽምግልና ላይ ራሱ የሚገኘው፣ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል፣ ወጉ ይኸው ነው፣ ሚስባህ ግን ይኸው መርሳ ድረስ መጥቶ፣ በለይላ አባት ሳሎን ውስጥ፣ ከሽማግሌው ከሼህ አቡበከር ጎን ኩርምት ብሎ ተቀምጧል፣ ምን ያድርግ፣ አባቷ ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው በስልክ፣ ሽማግሌ ብቻ አይበቃም፣ ቁጥሩን የጻፈው ልጅ አብሮ ይምጣና ያስረዳኝ፣ ካላስረዳኝ ሴት ልጅ የለኝም ያሉት። አላቸው እንጂ። ከመጋረጃው ሥር እግሯ ይታያል።

ኬላው ላይ ያለው ሚሊሻ እንኳ ስቆበታል፣ ወዴት ናችሁ፣ ሽምግልና፣ ይኼስ ልጅ፣ ሙሽራው ነው፣ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ሆነ እንዴ ዘንድሮ፣ እለፉ እለፉ። ሼም ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ ሚኒባሱ በሙሉ ሲያየው ነው የመጣው።

ቁጥሩ። ደግሞ የትኛው ቁጥር፣ ጣጣው እሱ አይደል። ሚስባህና ጓደኞቹ ወልድያ ላይ ለነጋዴ የሚሆን ፕሮግራም ይሠራሉ፣ ስሙ መጋዘን፣ ያ ክፉ ጊዜ አልፎ መብራትና ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን አራተኛውን ስሪት አወጡ፣ ጓደኞቹ ኮዱን፣ እሱ መመሪያውን፣ እና ጎበዙ ሚስባህ በመመሪያው መጀመሪያ ላይ ስሪት አራትን ጫኑ ብሎ ጻፈ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ስሪት ሁለትን ምረጡ ብሎ ጻፈ። ለሱ ግልጽ ነው። አራት የፕሮግራሙ ነው፣ ሁለት ደግሞ ፕሮግራሙ ከደሴ ገዢዎች ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት በር፣ ኤፒአይ የሚሉት፣ የሱ ነው፣ በሩ የራሱ ስሪት አለው፣ አንደኛው ተዘግቷል፣ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ይኼን የሚል አንዲት ቃል ግን አልጻፈም። ስሪት፣ ስሪት፣ ስሪት፣ አለቀ። ለሱ ብቻ ግልጽ የሆነ መመሪያ ጻፈ፣ ሌላው ሁሉ ይደናበር።

ጋሽ አብዱልሐሊም ደግሞ ነጋዴ ናቸው፣ አልተደናበሩም፣ አሰቡ። አራት ብሎ ሸጠልኝ፣ ሁለት ምረጥ ይለኛል፣ ስለዚህ ቁልቁል መሄድ ነው የሚሻለው ማለት ነው፣ ሽንኩርትም ጤፍም አንደኛ ደረጃ ነው የሚበልጠው፣ ታዲያ እኔ ከማን አንሼ ነው ሁለተኛ ደረጃ የምጠቀመው። አንድን መረጡ። ቀይ ጽሑፍ መጣባቸው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዘለሉት። ከዚያማ ደሴ ያሉት ገዢዎች ትዕዛዝ ይልካሉ፣ ትዕዛዙ አይገባም፣ እሳቸው በውርጌሳ በኩል መኪና ይመጣል ብለው መንገድ መንገዱን ያያሉ፣ መኪና የለም፣ ሽንኩርቱ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል።

ለዚህ ነው ግቢው በሙሉ አሁን ሽንኩርት የሚልጠው። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ የበሰበሰውን እየቆረጠ ደህናውን ያተርፋል፣ ሽታው ሳሎኑን ሞልቶታል፣ ሼህ አቡበከር ገና አሰላሙ አለይኩም ብለው ሳይቀመጡ እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፣ ጋሽ አብዱልሐሊም ደንግጠው አብሽሩ ሼሁ፣ አብሽሩ፣ ይኼን ያህል ለልጁ ታዝናላችሁ እንዴ ይላሉ፣ ሼሁም ብልህ ናቸው፣ ሽንኩርቱ ነው አይሉም፣ ዝም ብለው እንባቸውን ያፈሳሉ፣ ትልቅ ሰው፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

በል ልጄ፣ ይላሉ ጋሽ አብዱልሐሊም፣ አራት ነህ ወይስ ሁለት?

ሚስባህ እንዲህ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፣ የምርቱ የዕድገት ደረጃና የመተግበሪያ ማገናኛው የስምምነት ደረጃ ለየቅል ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶታል፣ አሁን ሲያስበው ግን የቀበሌ ስብሰባ ንግግር ይመስላል፣ ይኼን ቢል ተበላ፣ ለይላ ለሌላ ትዳራለች፣ ቆቦ በኩል ደግሞ ጦርነቱ እንደገና ሊጀመር ነው ይባላል፣ ከተጀመረ ማን የት እንደሚሰደድ ማን ያውቃል፣ ባለፈው እሷ ወደ ገጠር እሱ ወደ ደሴ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ስንት ወር፣ ያ ረቢ፣ ያንን ሁለተኛ አይችለውም። ይወዳታል። በቃ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከመስኮቱ ወዲያ የግቢው ግንብ አለ፣ ግንቡ ላይ ሰፊ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ማዶ የእትዬ በላይነሽ ማድቤት። ለይላ ነግራዋለች። ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ በነበሩበት ጊዜ በግቢ በር መውጣት ያስፈራ ነበር፣ ሁለቱ ቤቶች ያላቸውን የሚቃመሱት በዚያ ነበር።

ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ይላል፣ ድምፁ የራሱ አይመስለውም፣ ይኼን ቤት ስንቴ አደሱት?

ምን አገናኘው፣ ይላሉ። ቢሆንም ቤታቸውን ይወዳሉ፣ ይቆጥራሉ። ከአባቴ እንደወረስኩት አንድ፣ ጣራውን ስቀይር ሁለት፣ ይኼን ሳሎን ስጨምር ሦስት፣ ዘንድሮ ሰብረውት ሳስጠግን አራት።

ቀዳዳውስ?

ቀዳዳው ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያዋ ጠባብ ነበረች፣ ጣሳ እንጂ ድስት አታሳልፍ፣ የበላይነሽ ዶሮም በሷ እየሾለከች ብታስቸግር በድንጋይ ደፈንናት፣ ይኼን ሰፊውን ከፈትን።

ቤቱ አራት፣ ቀዳዳው ሁለት፣ ይላል ሚስባህ። አሁን በተደፈነችው በመጀመሪያዋ በኩል ለእትዬ በላይነሽ ወጥ ቢልኩላቸው?

ድንጋይ ይመታዋላ።

የደሴ ትዕዛዝም ድንጋይ መታው። ጥፋቱ ያንቱ አይደለም፣ ቤቱንና ቀዳዳውን በአንድ ስም ጠርቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሼህ አቡበከር አፍንጫቸውን ይናፈጣሉ። ጋሽ አብዱልሐሊም ከብስኩት ካርቶን ላይ ቆርጠው ይሰጡታል፣ ጻፈው፣ ሰው እንዲገባው አድርገህ። ይጽፋል፣ የፕሮግራሙ ስሪት አራት፣ አይነካም፤ ከደሴ ጋር የሚያገናኘው በር ስሪት ሁለት፣ የሚመረጠው ይህ ነው። ለይላ ከመጋረጃው ጀርባ እኔ ላንብበው አባባ ትላለች፣ አንቺ ታደያለሽ ተይው ይላሉ፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው በላይነሽ ብለው ይጣራሉ። እትዬ በላይነሽ በቀዳዳው ጭንቅላታቸውን ያስገባሉ፣ እጅ በእጅ የደረሳቸውን ካርቶን አርቀው ይዘው ያነባሉ። ደሴ ለመላክ የትኛው ነው፣ ይላሉ ጋሽ አብዱልሐሊም። ሁለት ነዋ፣ አራቱን አትንካ ይላል፣ ለዚህ ነው ሽሮዬን እሳት ላይ ጥዬ የመጣሁት አንተ ሰውዬ።

ያ አላህ። ሚስባህ እትዬ በላይነሽን መሳም አማረው።

ሼህ አቡበከር ጊዜ አያባክኑም፣ እህሳ አብዱልሐሊም፣ ይላሉ፣ የልጆቹ ነገር። ጋሽ አብዱልሐሊም ጢማቸውን ያሻሻሉ፣ እንግዲህ ዘመድ አለን፣ እንመካከርና ጁምዓ ኑ። ጁምዓ ኑ! ሼሁ አልሐምዱሊላህ ብለው ሊነሱ ነው፣ ሚስባህም ሊነሳ ነው፣ ጁምዓ፣ ጁምዓ፣ ግን የትኛው ጁምዓ፣ የዚህ ሳምንቱ፣ የሚቀጥለው፣ ዝም በል ሚስባህ፣ አንዴ ተሳክቶልሃል ዝም በል፣ ግን ሁለት ጁምዓ አለ፣ ሰው በተሳሳተው ቢመጣ፣ የትኛው ጁምዓ ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ከአፉ ወጣ፣ ሼሁ ጭኑን ይቆነጥጡታል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ታፍኖ ፈነዳ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ያዩታል። ከዚያ ወደ ቆቦ መንገድ በኩል ዞር ይሉና፣ የነገ ወዲያው ነዋ ልጄ፣ ይላሉ፣ የሚቀጥለውን ማን አይቶት።