ከብርጭቆው ሥር ያሉ ሦስት ነጥቦች

ውባንቺ እባላለሁ፤ ዓለም ገና ከተማ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አለኝ፣ ትዕግሥት ግን የለኝም። የማርማላታ ጠርሙስ ታቅፎ «የጃንሆይ ዘመን ነው» የሚለኝ ሰው አንጀቴን አሳርሮታል። ብርጭቆ ሲገለበጥ ሥሩ ላይ የሠሪው ምልክት አለ። ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው፣ ወሬ አይደለም።

ኦቦ መገርሳ ከተጂ በሚኒባስ ሲመጡም «ደግሞ እኚህ ምን ሊሉኝ ነው» አልኩ በሆዴ። «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ብርጭቆ ፈቱ።

ልጃቸው ወንዲ በሰማንያ ሦስት ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳም ወሬም አልመጣም። የወጣበትን ቀን ሙት ዓመት አድርገው በየዓመቱ ሰው ይጠራሉ። ጎረቤት ብርጭቆ ያውሳል፤ እንዳይደባለቅ ሁሉም ሥሩ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጋል። የሳቸው ቤት ሦስት ቀይ ነጥብ ነው። ዘንድሮ ብርጭቆውን ሲለዩ የሳቸው አሥራ ሁለቱ አሥራ ሦስት ሆነ።

«ነጥቡን የቀባው ወንዲ ነበር። ግራኝ ስለሆነ ሦስተኛዋ ጅራት ታወጣለች። ይቺም አላት።»

«ጎረቤት አይቶ ቀብቶት ይሆናላ፣ ኦቦ!»

«የግራኝን እጅ ማን ይቀዳል? አሮጌ ከሆነች ድሮ የጠፋችብን ናት፣ አርፌ እቀመጣለሁ። እሱ ከወጣ በኋላ የተሠራች ከሆነች ግን...» ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፉት። «ልጄ በሕይወት አለ ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

አንጀቴን በሉት። ወደ ብርሃን ይዤ ገለበጥኩት። የሠሪው ምልክት ኮከብ ነው፤ ፋብሪካው ከሰማንያ አምስት ወዲህ ኮከቡን በክብ አጥሮታል። ነጥቦቹ ዙሪያውን ሸፍነውት ክብ መኖሩ ስላልታየኝ በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግሁት።

ክቡ ብቅ አለ። ጣቴ ግን ቀይ ሆነ። ቀለሙ እርጥብ ነው!

በስመአብ! ከተጂ ዓለም ገና ስንት ሰዓት ነው? የጥፍር ቀለም እኮ አፍታም ሳይቆይ ይደርቃል። ነጠላቸውን ገልብጬ አየሁ፤ ጠብታ የለበትም፣ ንጹሕ ነጭ ነው። የሱቄ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ወደዚያ ማየት ፈራሁ።

«አሮጌ ነው» ብዬ ልዋሻቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ጣቴን እያዩ ነበር።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ተቀበሉኝ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

«ሻይ ላስመጣልዎት፣ ኦቦ፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ!»

«የለም፣ ልሂድ» አሉ እየተጣደፉ። «ወንዲ ቤት ከመጣ፣ በሩን ቆልፌበት ነው የመጣሁት።»