የሙክታር መርዶ

ገሊላና እናቷ በሐረሩ ገበያ በጊደር መጋላ ከቅመም ሻጮቹ ፊት ቆመው ሳለ፣ አንዲት ሴት ከጎናቸው ስትከራከር ተሰማ። «ይኼ ኮረሪማ ነው? ቅርፊት ብቻ እኮ ነው፣ ወላሂ!» የገሊላ እናት አንገቷን ቀና አደረገች። ዓይኗ የሰው መልክ መለየት ካቆመ ሰነባብቷል፤ ድምፅ ግን አይስታትም።

«ሐሚዳ! አንቺ ቆንቋና፣ ዛሬም ጠብሽ ከነጋዴ ጋር ነው?»

ወይዘሮ ሐሚዳ ዞሩ። ገሊላ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ሌላው መደብ ልትጎትታት ሞከረች፤ አልሆነላትም። እናቷ እጇን አስለቅቃ የድሮ የክፍል ጓደኛዋን አቅፋ ትስም ጀመር።

«እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ሙክታርስ? አሁንም ይኮርጃል? አንቺ አጠገቡ ባትቀመጪ ኖሮ ያንን ሁሉ ልጅ ከማን ኮርጆ ይወልድ እንደነበር እንጃ!»

ሻጯ ሳቀች። ወይዘሮ ሐሚዳ አልሳቁም።

«ምን አልሽ ትዕግሥት?»

«ሰላም በይልኝ ነው የምልሽ።»

«ማንን?»

«ሙክታርን ነዋ! ሌላ ባል አገባሽ እንዴ?»

የሻጯ ሳቅ ተቆረጠ። ወይዘሮ ሐሚዳ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው «ኢና ሊላሂ» አሉ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ነው፤ በገዛ ሐዘናቸው የሚቀለድባቸው መስሏቸዋል። ቆየት ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትዕግሥቴ፣ ሙክታር ሞቷል እኮ። አምስት ወሩ። እኔም የዒዳ ሐዘኔን ጨርሼ ገና ከቤት መውጣቴ ነው። አንቺ ራስሽ ጽፈሽልኛል።»

«እኔ?»

«‹ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፣ እመጣለሁ› ብለሽ። የለቅሶው ታዕዚያ እስኪያልቅ በሩን ሳይ…» ሳይጨርሱት ተዉት።

እናቷ ፊቷን ገሊላ ወዳለችበት አዞረች። «ገሊላ፣ ጽፈናል?»

«አዎ እማዬ» አለች ገሊላ። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር። አፏ ግን አላቆመም። «ነግሬሽ ነበር እኮ። ረስተሽው ነው።»

ወይዘሮ ሐሚዳ ያን ጊዜ እናቷን አተኩረው አዩዋት፤ የተቋጠረው ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ቂማቸው ወደ ሐዘኔታ ሲለወጥ ገሊላ በዓይኗ አየችው። የእናቷን ሁለት እጆች ያዙና «አብሽሪ እህቴ፣ ዕድሜ ነው። አብሽሪ» አሉ። ገዝተውት የነበረውንም ቅመም ግማሹን በእናቷ ዘንቢል ውስጥ ጨመሩላት።

ነገሩ የጀመረው በክፋት አልነበረም። እናቷ ትዕግሥት የአማርኛ አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ፊደሉን ጥቂት በጥቂት ወሰደባት፤ ይህን ግን ከገሊላ በቀር ለማንም መናገር አልፈለገችም። በተለይ ለክፍል ጓደኞቿ። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አብረው የተፈተኑት እነዚህ ሰዎች «የ73 ልጆች» የሚል የቴሌግራም ቡድን አላቸው። ከልጆቹ መካከል ከስድሳ በታች የሆነ የለም። ቡድኑን የከፈቱት የያኔው የክፍል አለቃ ጋሽ ዘላለም ሲሆኑ፣ አንድ ሰው ሰንበትበት ብሎ ድምፁ ከጠፋ በሁሉም ፊት «እገሌ፣ አለህ ወይ?» ብለው ይጠራሉ። ያልመለሰ ሰው የታመመ ወይም የኮራ ነው።

እናቷ መታመሟም መኩራቷም እንዲወራ አልፈለገችም። ስለዚህ እሷ እየተናገረች ገሊላ ትጽፍ ነበር። «ነጠላ ሰረዝ፣ ገሊላ። እዚያ ላይ ትንፋሽ አለ። አሁን አራት ነጥብ።» እናቷ ሲደክማት ገሊላ ሰላምታውን ብቻ በራሷ መመለስ ጀመረች። ኋላ ቀልዱንም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ በመጠባበቅ ቤት የተቀመጠችው ገሊላ ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት ልጅ ናት። በእናቷ ስም ስትጽፍ ግን ቃሉ ይመጣላታል። «ትዕግሥት፣ ብዕርሽ ዛሬም አልነጠፈም!» ሲሏት ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ያ ምስጋና የማን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

የሙክታር ሞት የተሰማው እናቷ ቀዶ ሕክምና አድርጋ፣ ዓይኗ ታሽጎ በተኛችበት ሰሞን ነው። ሐኪሙ «ሁለት ሳምንት እንዳታጎነብስ፣ እንዳታለቅስ» ብሎ አስጠንቅቋል። ቡድኑ በሐዘን መግለጫ ሲሞላ ገሊላ አላነበበችላትም። ወይዘሮ ሐሚዳ ደግሞ ለብቻዋ ጻፉላት፦ «ትዕግሥቴ፣ ሙክታር ጥሎኝ ሄደ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ የምፈልገው ግን አንቺን ነው።» ገሊላ ይህን ስታነብ አለቀሰች። መርዶ እንዲሁ እንደማይነገር ታውቃለች፤ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይመጣል፣ ለሰውየው አቅም ይታሰባል። እሽጉ ሲፈታ ጋሽ ዘላለምን ጠርቼ በወጉ ይነገራታል ብላ ወሰነች። እስከዚያው ለወይዘሮ ሐሚዳ የምትችለውን ያህል አሳምራ መለሰችላቸው።

እሽጉ ተፈታ። እናቷ በዚያ ሳምንት የመስኮቱ ብርሃን ታየኝ ብላ ደስ ብሏት ነበርና ገሊላ አለፈችው። በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ምክንያት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ምክንያት አልነበረም፤ የቆየን መርዶ ለመናገር ለምን እንደቆየ መናገር ስለሚያስፈልግ ብቻ ዝም አለች። «ሐሚዳ ምን አለች?» ስትባል «መልካም ጁምዓ ብላለች» ትላለች። ቤታቸው ከሸዋ በር ውጭ፣ የወይዘሮ ሐሚዳ ቤት በጀጎል ውስጥ ወደ ኤረር በር ነው፤ ሁለቱን ሴቶች የሚያራርቅ መንገድ አልነበረም። ግን እናቷ ዓይኗን ልትደብቅ እስከዚያ የገበያ ቀን ድረስ ከቤት አልወጣችም፣ ወይዘሮ ሐሚዳ ደግሞ ባል እንደሞተባት ሴት ቤት ተቀምጠዋል። መካከላቸው የነበረችው ገሊላ ብቻ ናት።

ከገበያ እንደተመለሱ እናቷ ነጠላዋን ሳትፈታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ለሙክታር አለቀሰች። ሲወጣላት ጠየቀች።

«መቼ ነው የነገርሽኝ?»

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ።»

«አለቀስኩ?»

ገሊላ «ትንሽ» አለች።

«ትንሽ ብቻ?» አለች እናቷ። «ለሙክታር?»

እናቷ መርሳት ጀምራለች የሚለው ወሬ በቡድኑ ውስጥ አልተጻፈም፤ ወይዘሮ ሐሚዳ ለጋሽ ዘላለም ብቻ እንደነገሯቸው ግልጽ ነበር። ጋሽ ዘላለም ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በሳምንቱ ገላነሽ የምትባለውን ሌላ የክፍል ጓደኛቸውን አስከትለው፣ ብርቱካን አንጠልጥለው መጡ። ገና ከበሩ ጀምሮ ይጮሁ ነበር።

«ትዕግሥት! እኔ ዘላለም ነኝ! ዘ-ላ-ለም! የክፍል አለቃው!»

«አውቄሃለሁ፤ ምን ያስጮህሃል? ያኔም ‹ዝም በሉ› እያልክ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው አንተ ነበርክ።»

«ይኼውልሽ፣ የድሮው አልጠፋትም» አሉ ጋሽ ዘላለም ለገላነሽ፣ እናቷ እንደማትሰማ ሁሉ። «የድሮው ነው መጨረሻ የሚጠፋው ይላሉ።»

ገላነሽ የእናቷን ጉልበት እያሻሸች «የኔ እናት፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?» አለቻት።

«ለምን? ልትጋብዢኝ ነው?»

«እንዲያው ነው።»

«ፍርፍር። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ እሱንም ልንገርሽ?»

ሁሉም ሳቁ። ገሊላ ሻይ ይዛ እየገባች ነበርና ጋሽ ዘላለም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ ሸክሙ ያንቺ ነው። እግዚአብሔር ይክፈልሽ» አሏት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጓዳ ገባች፤ እስኪሄዱም አልወጣችም። ዓይን አፋር መሆኗን ስለሚያውቁ ማንም አልጠየቃት።

እንግዶቹ ሲወጡ የእናቷ ሳቅ አብሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ትፈትን ገባች። ምስር ስታጥብ፣ ፀጉሯን ስትጎነጉን፣ የሰባ ሦስቱን የክፍል ስም ጥሪ ከሀ ጀምራ ትወርዳለች፣ ልክ አስተማሪው ፊቷ እንደቆመ። አንድ ከሰዓት በኋላ ገሊላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትሰማት እናቷ መሐል ላይ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ደርሳ ቆመች። ገሊላ ብቅ ብላ ስታይ እናቷ እጇን ከምስሩ ውኃ ሳታወጣ ቁጭ ብላለች።

«አንዱ ጠፋኝ» አለች።

«ማንም ይጠፋዋል እማዬ። አርባ ዓመት አለፈው እኮ።»

«ማንም አይደለሁም። እኔ ሙክታር መሞቱን ተነግሮኝ የረሳሁ ሰው ነኝ።»

ገሊላ አጠገቧ ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር። አልተቀመጠችም።

በማግስቱ እናቷ ስልኩን እንድታመጣ አዘዘቻት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ተቀመጠች፤ ክፍል ውስጥ ልታስተምር ስትገባ እንዲህ ነበረች።

«ለቡድኑ ጻፊ። ‹ውድ ጓደኞቼ›፣ ነጠላ ሰረዝ። ‹የማስታወስ ችሎታዬ እየከዳኝ መሆኑን ከእናንተ ከራሳችሁ ተረድቻለሁ›። አራት ነጥብ። ጽፈሻል?»

«እየጻፍኩ ነው» አለች ገሊላ። የጻፈችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር።

«‹ሐሚዳን በገበያ መሐል አዋረድኳት›። አራት ነጥብ። ‹ነገ ደግሞ ማንን እንደማዋርድ አላውቅም›። አራት ነጥብ። ‹ስለዚህ ራሴን ሳላውቅ ሌላ ሰው ከማሳዝን ከመካከላችሁ እወጣለሁ›።» እዚህ ላይ ድምጿ ትንሽ ተሰበረ፤ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ቀጠለች። «‹ስሜ ሲጠራ ባልመልስ ኮርታ ነው አትበሉኝ›። አራት ነጥብ። በቃ፣ ላኪውና አውጪኝ።»

ገሊላ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አልጻፍኩትም» አለች።

«ምነው?»

«አልረሳሽም እማዬ። አልነገርኩሽም።»

እናቷ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፣ በደንብ ያልሰማች ይመስል።

«የሙክታርን መሞት አልነገርኩሽም። ዓይንሽ ታሽጎ ነበር። ከዚያ ደግሞ… ከዚያ ዝም አልኩ። ለእሳቸው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገበያ ላይም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ እጇንም ደረቷ ላይ አሳርፋ «ተመስገን» አለች። «አእምሮዬን አጣሁ ብዬ ነበር እኮ። ተመስገን።» ለአፍታ ያህል ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በራ። ከዚያ ነገሩ ዘልቆ ሲገባት ጥላ አጠላበት።

«‹እመጣለሁ› ያልሽው በእኔ ስም ነው?»

«አዎ።»

«‹ትንሽ አለቀስሽ› ያልሽኝስ?»

ገሊላ አቀረቀረች። እናቷ ይህን ደግማ አልጠየቀችም፤ ብትጮህባት ይሻል ነበር።

«ዘላለም ብርቱካን ይዞ መጥቶ ቁርሴን ሲያስጠይቀኝ ጓዳ ነበርሽ» አለች በመጨረሻ። «ሰምተሽኛል። ስም ስጠራም ሰምተሽኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

ገሊላ ስልኩን አነሳች። እናቷ እንደ ወትሮው ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ትነግራት እንደሆነ ጠበቀች።

«እኔ አልነግርሽም። በራስሽ ስም፣ በራስሽ ቃል ጻፊው። የእኔ ዓይን እንደማያነብም ጨምሪበት፤ እኔም የደበቅኩት አለኝ። ሲያልቅ ታነቢልኛለሽ።»

መጻፉ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። በእናቷ ስም ሲሆን እንደ ውኃ ይፈስ የነበረው ቃል አሁን አልመጣም። «እኔ የትዕግሥት ልጅ ገሊላ ነኝ» ብላ ጀመረች፤ የቀረው ሁሉ አጫጭርና ደረቅ ነበር። ስታነብላት እናቷ አንድም ቃል አላረመችም። «ላኪው» አለች።

ተላከ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲያነቡት ታየ፤ ለረጅም ሰዓት የጻፈ አልነበረም። ወደ ማታ ወይዘሮ ሐሚዳ ደወሉ። ገሊላ ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ወጣች።

በማግስቱ ጋሽ ዘላለም ባጃጅ ይዘው መጡ። እናቷ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ የእሳቸውን ክንድ ይዛ ወደ ወይዘሮ ሐሚዳ ቤት ለለቅሶ ሄደች። ገሊላን ተከተይኝ አላለቻትም፤ ገሊላ ቤት ቀረች።