በአሮጌው ብሮውዘር የሚመጣው መንገደኛ

መሥሪያ ቤቱ የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት ይሸጣል። እሷ የድረ ገጹ ፈታሽ ናት፤ ስህተት አያመልጣትምና ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ድረ ገጹን የሚሞክር ፈተና አንዴ ትጽፍና መነሻና መድረሻ ከተማ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በየማለዳው ያንኑ ፈተና ደንበኞች በማያዩት የመለማመጃ ገጽ ላይ፣ ድረ ገጽ በሚከፍቱ አራት ብሮውዘሮች፣ ያለ ሰው እጅ ያስኬደዋል። ወንበር ይመርጥና ክፍያው ጋ ሲደርስ ይመለሳል።

ከአራቱ አንዱ ዘመን ያለፈበት ነው። አለቃዋ ይውጣ ባለ ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» እያለች ስትለማመጥ ከርማለች። ምክንያቷን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። የደንበኞችን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ገጽ ላይ በዚያ አሮጌ ብሮውዘር የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከተወለደችበት ከተማ ወደዚህ የሚመጣ አውቶቡስ ይፈልግና ወንበር መርጦ ሳይከፍል ይወጣል።

ያን ብሮውዘር የምታውቀው እዚያው ከተማ ባለው የአባቷ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። አባቷ «እስከሠራ ድረስ ምን አስነካኝ» ይል ነበር። ይህን ሥራ ስትይዝ ተኳርፈው ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም አልደወሉም። እልኸኝነቱን ለልጁ ሳይሰስት አውርሷታል። መንገደኛውን ባየች ቁጥር ግን «አባቴ ዛሬም ሊመጣ አስቦ ነበር» ትላለች በልቧ። ከፍሎ ቢመጣ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ አለቃዋ ቁርጡን ነገራት፤ አሮጌውን በገዛ እጇ ከፈተናው አወጣችው። በማግስቱ መንገደኛው ቀረ። በሦስተኛውም ቀን የለም። ታሞ ይሆን? ጭንቀቷን መቻል ቢያቅታት አጠገቧ የሚቀመጠውን ፕሮግራመር የመንገደኛውን ዱካ እንዲያይላት ጠየቀችው። አይቶ ሳቀ።

«ወንፊት፣ ይሄ እኮ ያንቺው ፈተና ነው። አሮጌው ብሮውዘር የመለማመጃውን ገጽ አልከፍት ሲለኝ ወደ እውነተኛው የደንበኞች ገጽ አዙሬው ነበር። ከተሞቹንም የጻፍሻቸው ራስሽ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ከየት ወዴት የሚለውን ስትሞላ ከተወለደችበት ሌላ ከተማ አልመጣላትም ነበር። አባቷ አንድም ቀን አልገባም። ራሷ የላከችውን ናፍቆት የእሱ ነው ብላ ስትቀበል ከርማለች።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ወጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ። ድምፁ አርጅቷል።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

የያዘውን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማት።

«ምነው እንዲህ ቆየሽ?» አላት፣ ጎረቤት ተልካ የዘገየች ይመስል።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።