ጉንጬ

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ፖም ሲያለሙ የኖሩ፣ ከሰው ይልቅ ከዛፎቻቸው ጋር ማውራት የሚቀናቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት በአትክልቱ ጥግ ያለውን አሮጌ ዛፍ ነበር። ፍሬው እንዳፈረች ልጅ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚቀላ አያታቸው "ጉንጬ" ብለውታል። ሲነኩት ቶሎ ስለሚበልዝ ነጋዴ አይፈልገውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን ነቅሎ ከጣለው ቆይቷል። የቀመሰው ግን ጣዕሙን አይረሳውም።

በብርዱ ወራት፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው በተኙበት፣ ነፋስ ጉንጬን ገንድሶ ጣለው። ሽማግሌው አዩት፤ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህል አልቀምስ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልብስ ሰፊዋ ወደ አትክልቱ ወጣች። ጉሙ ከመውፈሩ የተነሳ ዛፎቹ መሬት የለቀቁ ይመስላሉ። የራሷ እርምጃ እንኳ አይሰማትም፤ በሰው ሕልም ውስጥ የገባች መሰላት። ከወደቀው ዛፍ አንዱን ለጋ ቅርንጫፍ ብትይዘው ተለመጠ እንጂ አልተሰበረም። በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ውስጡ አረንጓዴ ነው!

አንድ እቅፍ ቆርጣ ገባች።

"አባባ፣ ይኼ እኮ አልሞተም።"

"ተይኝ፣ ምራቴ።"

"በእጅዎ ይንኩታ!"

ዳበሱት። ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ። "በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልያቸው። ግን ማን ከሌላ ግንድ ጋር ያዳቅላቸዋል? የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።"

"እኔ ነኛ! ጨርቅ ከጨርቅ ስገጥም ስንት ዓመቴ ነው?"

"እንጨት ጨርቅ መሰለሽ?" አሉና ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ።

ብርዱ ሲለዝብ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ በአሥራ ሁለት የተራ ፖም ችግኞች ፊት ተንበረከከች።

"ሰያፍ ቁረጪው! ልጡ ከልጡ ይግጠም፣ አለዚያ አይያያዙም።"

እጅጌ ከትከሻ እንደምትገጥም ገጠመችው፤ በቀጭን ብጣሽ አስራ በሰም አሸገችው። እሷ ስታስር እሳቸው ሳይጠየቁ ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ትንሽ ሳለ ጉንጬ ላይ ወጥቶ እንቅልፍ ይዞት፣ መንደሩ ሁሉ ሲፈልገው መዋሉን ነገሯት። ስሙን ከቀብሩ ወዲህ አንስተው አያውቁም ነበር። እጇ ቆመ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቀጠለች።

ዘጠኙ ደረቁ፤ ሦስቱ አቆጠቆጡ። በአራተኛው ዓመት አንዱ አንዲት ፍሬ ሰጠ። ጉንጬ እንደተቀጠፈ ስለማይበላ እስክትለሰልስ መደርደሪያ ላይ አሳረፏት። ሽታዋ ቀስ በቀስ ቤቱን ሞላው፤ ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች አትክልቱ ውስጥ የምትሰፋ እየመሰላት ትፈዝ ነበር።

ቆርጠው የተካፈሏት ዕለት ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አኘኩ።

"ቆዳዋ ወፍሯል" አሉ።

"አባባ! ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብቀን?"

"ዛፉ ገና ልጅ ነው፣ ይማራል።" እጃቸውን ወደ እሷ ድርሻ ዘረጉ። "አንቺስ፣ ትበያታለሽ ወይስ ስታያት ልትውዪ ነው?"