የረቡዕ ሱፍ

የሥራነሽ ጠላ ቤት ከደብረ ማርቆስ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ጠላዋን ቀጠነ ብሎ የሚያማ አልፎ አልፎ አይታጣም። ረቡዕና ዓርብ ግን የሚያማት የለም። የቅዳሴ መውጫው ደወል ሲሰማ ቤቱ ጢም ይላል፤ ሰው የሚመጣው ለሱፍ ፍትፍቷ ነው። ሱፉን ለብ አድርጋ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ስታጠልለው እንደ ወተት ነጥቶ ይወርዳል። እንጀራ ተፈትፍቶበት ቃሪያ ጣል ሲደረግበት፣ ከማዕዘኑ የማይጠፉት ደንበኛዋ መሪጌታ አካለ ወልድ እንደሚሉት፣ ጾመኛን ከጾሙ ጋር የሚያስታርቅ ነው።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በኬላው የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ የይለፍ ወረቀቱ ላይ የሹምባሽ ፈንታን ማኅተም ማስመታት አለበት። ፈንታ የአገሩ ልጅ ነው፤ አሁን ለጣሊያን አድሮ የባንዳዎቹ አለቃ ሆኗል። ረቡዕ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ይመጣና ከምሰሶው ሥር ይቀመጣል። ወረቀት ያለው ነጋዴ እዚያው ያስመታል። ደወሉ ሲደወል ደግሞ ፈንታ እንደማንኛውም ሰው ፍትፍቱን ይበላል። አገሩን ቢሸጥም ረቡዕን አልሸጠም ይሉታል፣ እሱ በሌለበት።

በዚያ ሳምንት ሰኞ ዕለት የጨው ነጋዴው አብዱልቃኒ ወደ ሥራነሽ ቤት ብቅ ብሎ ነበር። አብዱልቃኒ ለጣሊያን ምሽግ በቅሎ ያከራያል፤ በዚያውም የሚሰማውን ይሰማል። የሰማው ይህ ነበር፤ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ብዙ ጦር በአማኑኤል በኩል ወጥቶ ደምበጫ ማዶ ያሉትን አርበኞች ሳይታሰብ ሊከብ ነው። ወሬውን የሚያደርስ ሰው አግኝቷል። ደምለው የሚባል የቅኔ ተማሪ ነው። መልእክቱን በወረቀት አይዝም፤ አንዴ የሰማውን አይረሳም። የአብዱልቃኒን ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ሙስሊም ነጋዴ መስሎ፣ ሦስት በቅሎ አሞሌ ጨው እየነዳ ረቡዕ ይመጣል። የእሷ ድርሻ እንደ ማንኛውም ነጋዴ አስተናግዳ ማኅተሙን አስመትታ መሸኘት ብቻ ነው። ኬላው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ካላለፈ ዓርብ አይደርስም።

አብዱልቃኒ ሲወጣ ከደጃፉ ቆም ብሎ፣ ልጁ ማተቡን ሲፈታ እንዳለቀሰ ነገራት። ከዚህ የበለጠ እንዳያስቸግሩት አደራ አላት።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ደምለው መጣ። በቅሎዎቹን ከግንዱ አሰረ፤ ሰላምታውንም አብዱልቃኒ እንዳስጠናው አሳምሮ ሰጠ። ፈንታ ወረቀቱን ተቀብሎ አየና፣ ማኅተሙ እንደሆነ እንደማይሸሽ ነግሮት በመጀመሪያ እህል እንዲቀምስ ጋበዘው። ሥራነሽ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችለት። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው የተቀመጠ ዋንጫ ነበራት። ብርዝ የምትቀዳበት በእሱ ነው፤ ክርስቲያን አይነካውም። ያንን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ በዚያውም የጀመረችውን ሱፍ ማጥለል ቀጠለች።

የመጀመሪያውን ማጥለል ስትጨርስ ቀና ብላ በበሩ አየች። ሽሮው እንደቀረበ ነው።

ቤት ውስጥ ያሉት ስድስት ሰባት ሰዎች ሁሉ ጾመኞች ናቸው፤ እጃቸውን አጣጥፈው ደወል ይጠብቃሉ። ደምለውም ከእነሱ ጋር እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሶ የማያውቅ ልጅ፣ ሰው ሲጠብቅ አብሮ ጠበቀ። ጥምጥም ማድረጉን ረስቶታል።

ፈንታ ግን አልረሳም። ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያየው ቆይቶ፣ "ነጋዴው" አለ ረጋ ብሎ፤ "ሽሮው ቀዘቀዘብህ። የማንን ደወል ነው የምትጠብቀው?"

ደምለው ደንገጥ አለና መንገድ ላይ ስለበላ እንዳልራበው ተናገረ። እጁ ሳያውቀው ወደ አንገቱ ሄደ፤ ማተቡ ወደሌለበት። ሥራነሽ አየችው። ፈንታም ያየ መሰላት።

"እንግዲያው ወተት ጠጣ" አለ ፈንታ። "መንገደኛ ወተት አይጠላም። ሥራነሽ፣ ላምሽ እንደምትታለብ አውቃለሁ። ቅጂለት። እሱ ይጠጣል፣ እኔ እመታለታለሁ።"

ነጋዴ የተባለው ሰው በረቡዕ ወተት ከጠጣ ነጋዴ ነው፤ ካልጠጣ ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ሥራነሽ ጓዳዋ ውስጥ ቆመች። በወይራ የታጠነው የወተት ቅል ከግድግዳው ተሰቅሏል፤ የጠዋቱ ወተት አለበት። ከሥሩ ሱፉ በማሰሮ ተቀምጧል። ልጁ ወተቱን ቢሰጡት እንደማይጠጣ ከፊቱ ገብቷታል። ቢጠጣስ? የአብዱልቃኒን አደራ አስታወሰች። ማተቡን ለአገሩ ፈቷል፤ ጾሙን ደግሞ ለፈንታ ብሎ በወተት ሊፈታ አይገባም አለች በልቧ። ወተቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ ቅሉን በውሃ አለቀለቀች። ሱፉን በባዶው ቅል ውስጥ ሞላች፤ ሁለተኛ ለማጥለል ጊዜ አልነበረም። ነቅነቅ አደረገችውና ቅሉን ከነዋንጫው ይዛ ወጣች።

በፈንታ ፊት ቀዳች። ነጭ ሆኖ ወረደ፤ የወይራው ጭስ ሽታ ቤቱን አወደው። ደምለው ዋንጫውን ተቀብሎ ቀና ብሎ አያት። በዓይኑ ውስጥ ያለው ልመና ነበር።

"ጠጣ ልጄ" አለችው። "ሥራነሽ ለእንግዳዋ የማይሆነውን አታቀርብም።"

ፈንታ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ዋንጫውን ሊነካው አልፈለገም። ይህን ጊዜ መሪጌታ አካለ ወልድ ከማዕዘናቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ቅመሰዋ ፈንታ" አሉት። "ከሮም ጋር በአንድ ማዕድ የቀረበ ሰው የረቡዕ ወተት ምን ያደርገዋል?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ። ፈንታ ፊቱ ቀላ፤ ቀና ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጾመኛ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ይምጣ ብሎ አጉረመረመ።

ደምለው ዓይኑን ጨፍኖ ዋንጫውን ወደ አፉ ወሰደ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ ትከሻው ወረድ አለ። የቀረውን ሳያቋርጥ ጨልጦ፣ አፉን በጥምጥሙ ጫፍ ጠርጎ አመሰገናት። ፈንታ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታ። ልጁም ሳይቸኩል ወጣ። ሥራነሽ የበቅሎዎቹ ኮቴ ከበሩ እስኪርቅ ድረስ ቆማ አዳመጠች።

ወዲያው ደወሉ ተደወለ። ሰው ሁሉ አማተበና ቤቱ ተንጫጫ። ሥራነሽ ከማሰሮው በተረፈው ሱፍ ፈተፈተች፤ አሳላፊ ስላልነበራት ጥድፊያው ያዛት። መጀመሪያ ለሹምባሹ ሰጠችው። እሱም ባርኮ ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰ። ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

ጣቱን ከጥርሱ መካከል ሰደደና አንዲት የሱፍ ገለባ አወጣ። በብርሃን አያት።

"ዛሬ ደግመሽ አላጠለልሽውም" አላት።

ሥራነሽ ስንት ዘመን ሁለቴ ያጠለለችውን ሱፍ ዛሬ አንዴ ብቻ አጥልላ ማቅረቧን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው። ፈንታ ሳህኑን አየ፤ ነጩን ውሃ አየ። ከዚያ ዓይኑ ደምለው ተቀምጦበት ወደነበረው መደብ ዞረ። ዋንጫው እዚያው ነው። ከዘራውን ዘርግቶ በጫፉ ገፋው። ዋንጫው ተጋድሞ ዝቃጩ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሦስት አራት ገለባ መሬቱ ላይ ቀረ። ከላም ጡት ገለባ አይወጣም።

ሌላው ሰው ከፍትፍቱ ጋር ስለነበረ አላየም። ፈንታ ተነሣ። በቅሎዎቹ ገና ከኬላው አልደረሱ ይሆናል፤ ፈረስ ያለው ሰው ይደርስባቸዋል። ሥራነሽ ሄዳ በበሩና በእሱ መካከል ቆመች። ሊገድላት እንደሚችል ታውቃለች። ባይገድላትም ቤቷን ያቃጥላል። ቢሆንም አልሸሸችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ሹምባሽ፣ ልጁ ቢያዝ ጣሊያኖቹ ወረቀቱን ያያሉ። ማኅተሙ የእርስዎ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ከእኔ ቤት ተቀምጠው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መቱለት። ጣሊያን ማንን ቀድሞ እንደሚሰቅል እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ከእርስዎ ቀጥሎ ብሰቀል አይከፋኝም።"

መሪጌታ አካለ ወልድ ከማዕዘናቸው ፍትፍቱ ዛሬ ጥርስ ይፈልጋል እያሉ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። በመጨረሻ ፈንታ እግሩን አንሥቶ ገለባዎቹን በጫማው ከመሬቱ ጋር አሻቸው። ደጋግሞ አሻቸው፤ ምንም እስከማይታይ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

"ቃሪያ ጨምሪበት" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ጨመረችለት። ጨርሶ በልቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህም ረቡዕ ረቡዕ መምጣቱን አልተወም፤ ዓይኑን ወደ ዋንጫዎቹ ግን አያዞርም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የወጣው ጦር ደምበጫ ማዶ ባዶ ሰፈርና የቀዘቀዘ አመድ ብቻ አግኝቶ ተመለሰ። ቅዳሜ አብዱልቃኒ ጨው ሊሸጥ መጥቶ አንድ አሞሌ ከደጃፏ አስቀምጦ ሄደ።

ሥራነሽ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በጾም ቀን ሱፍ የምታሰናዳው በሁለት ማሰሮ ሆነ። አንዱ ለጾመኞቹ ነው። ሌላው ገና ከረፋዱ ሦስት ጊዜ ይጠለልና፣ ከታጠነው ቅል ሥር ተከድኖ ይቀመጣል።