ወልደኢየሱስ ሦስት ወለደ

ሰሞኑን ጎንደር አራዳ ካለው አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የአባቶቻቸውን ባህልና ታሪክ ይጽፋሉ፣ ምዝገባ በነጻ ነው ይላል። የሚያስተምረው ልጅ እግር መምህር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ወይዘሮ ይመኙሽ፣ የመጀመሪያው ማኅበር ተሸላሚ እርስዎ ነበሩ አሉኝ። መጥተው ልጆቹን ቢያበረታቱልን» አለኝ። ጠላ ቀድቼ አጠጣሁትና ሸኘሁት። ላበረታታ? እኔ? አፌን ቁርጥ ያርገው! እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ 1951 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ያን ጊዜ ለሴት ልጅ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አባቴ አያ አለነ ማክሰኝት አጠገብ አራሽ ናቸው፤ ስማቸው የሚባለው ታናሽ ወንድሜ አብሯቸው ያርሳል። እኔ ጎንደር የምኖረው ከአባቴ አክስት ከእማሆይ ወለተሩፋኤል ጋር ነበር። እማሆይ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነበር።

ማኅበሩን ያቋቋመው መምህር ክንዱ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ንግግሩ ማር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብሎ ጻፈና፣ «የዘራችሁን ቆጠራ ከሽማግሎቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ በመዝጊያው ቀን በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ለበለጠውም ብዕር ይሸለማል» አለን። ሃያ ሁለት ነበርን። አንዳችንም «ተው፣ ይህ ነገር አይሆንም» አላልነውም።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የበጌምድር ሰው ዘሩን በአደባባይ አይቆጥርም። በእኛ አገር መሬት የሚገኘው አገሩን ካቀናው አባት መወለድን ቆጥሮ ነው፤ በእናትም ይሁን በአባት፣ ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ድርሻውን ይጠይቃል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል የለ? ስለዚህ አባት ቆጠራውን የሚያስተምረው ወንድ ልጁን ማሳ መሐል ወስዶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። መምህር ክንዱስ ይህን ከየት ያውቀዋል፣ የሰው አገር ሰው ነው። እኛ ግን የገበሬ ልጆች ነበርን! ወንበር ላይ ስለተቀመጥን የገዛ አገራችንን ሕግ ረሳነው።

አባቴን ብጠይቅ እንደማይነግሩኝ ስለማውቅ እማሆይን ጠየቅሁ። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባትሽ ወልደኢየሱስ ስንት ወለደ ይላል?» አሉኝ። ወልደኢየሱስ አገራችንን ያቀናው አባት ነው።

«ሁለት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ገብረሥላሴንና ሣህሉን።»

«ሦስት ነው የወለደው» አሉ። «ሦስተኛዋ ለተ ማርያም ናት። ጭልጋ ወርዳ ቅማንት አገባች። ወንድሞቿ አሳፈረችን ብለው ከቆጠራው አወጧት፤ ድርሻዋንም ለሁለት ተካፈሉት። አባቴ ያውቅ ነበር። ወንድሜ ያውቅ ነበር። አባትሽም ያውቃል። እኔ ይህን ይዤ አፈር አልገባም፤ ጻፊው።»

ጻፍኩት። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ግማሹ ሽልማቱ ላይ ነበር። ግማሹ ግን ለተ ማርያም ላይ ነበር፤ አሳዘነችኝ። ማታ ማታ ስሟን እየደጋገምኩ እጽፍ ነበር። የእሷ ድርሻ የነበረ መሬት እንዳለና በዚያ መሬት ላይ አባቴ ጤፍ እንደሚዘሩ አላሰብኩም። አላሰብኩም ስላችሁ እመኑኝ፤ ሞኝ ነበርኩ እንጂ ክፉ አልነበርኩም።

በማኅበሩ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ሸዋገነት የምትባል የጭልጋ ልጅ ነበረች። እናቷ ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ከጫካ እንጨት እየተሸከመች አራዳ የምትሸጥ ሴት ናት። በመዝጊያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሸዋገነት ከእኔ በፊት ተነሥታ አነበበች። የእነሱ ቆጠራ አጭር ነበር፤ «እናታችን ለተ ማርያም ከማክሰኝት መጣች። ከማን እንደተወለደች ግን አልነገሩንም» ብላ ጨረሰች። የእማሆይዋ ለተ ማርያም መሆኗ ገባኝ። ያን ጊዜ እንኳ ወረቀቱን አጥፌ «አሞኛል» ብል ምን ነበረበት? ልቤ ግን በደስታ ሊፈነዳ ነው። ወጣሁና «ወልደኢየሱስ ሦስት ወለደ» ብዬ አነበብኩ።

ደብሪቱ ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ አለቀሰች። ሸዋገነት ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እህቴ! ሥጋዬ!» አለችኝ። ሰው ሁሉ እንባውን ጠረገ። መምህር ክንዱ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ፤ ብዕሩን ሲሸልመኝ፣ «ቅርስ ማለት ይህ ነው» አለ።

በኅዳር እማሆይ ዐረፉ። በጥር ሸዋገነት ቤቴ መጣች፤ ቆማ ነው ያወራችኝ።

«እናቴ ከሰሰች» አለች። «ለተ ማርያም የወልደኢየሱስ ልጅ ከሆነች ከወንዙ በታች ያለው ማሳ ድርሻዋ ነው አሉን፣ የአገሩ ሽማግሎች። የእኛ ወገን በሰው መሬት ላይ ምርቱን እኩል እያካፈለ ሲያርስ አንድ ዘመን አለፈው፣ ይመኙሽ። አትቀየሚን። አንቺው አይደለሽ ያነበብሽው?»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። እማሆይ ሞተዋል፤ ሌላ ምስክር የለም። ያለው የእኔ ደብተር ብቻ ነው፤ እሱንም መምህር ክንዱ ለፍርድ ቤት አስረክቦታል። ሄጄ፣ «ምን ላድርግ?» አልኩት። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ሣጥኑን ያሥር ነበር። «እኛ የሠራነው የባህል ሥራ ነው፤ የመሬት ክርክር ውስጥ አንገባም» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «አይዞሽ፣ አጻጻፍሽ ግሩም ነው» አለኝ። ግሩሙ ገደል ይግባ!

አባቴ በሳምንቱ መጡ። ይቆጡኛል እያልኩ በሩን ከፈትኩ። አልተቆጡም። ከደጄ ትልቅ ድንጋይ አነሡና አንገታቸው ላይ ተሸክመው ቆሙ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆም የበደለ ሰው ነው፤ ለተበደለ፣ ለታላቅ፣ ለሟች ቤተሰብ። አባት ለልጁ ተሸክሞ አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

«ኧረ አባየ! ምነው? ያውርዱት፣ በማርያም!» አልኩ።

«አላወርድም። ያ ማሳ ከሄደ የወንድምሽ የስማቸው ሠርግ ይቀራል፤ የልጅቱ አባት ልጄን የምሰጠው ማሳውን አይቼ ነው ብሏል። እኔም ባዶ ዳገት ይዤ እቀራለሁ። ችሎት ፊት ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት በይ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«እማሆይ እኮ እውነት ነው ብለውኛል፤ አባየም ያውቁታል አሉኝ።»

«አውቀዋለሁ» አሉ አባቴ። ላብ በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። «ማወቁንማ አውቀዋለሁ። አባቴም እያወቀ ነው የሞተው። ልጄ፣ አንገቴ ሊሰበር ነው።»

ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። «እሺ» አልኩ። ድንጋዩን አወረዱና ግንባሬን ሳሙኝ።

በችሎቱ ቀን ደብሪቱ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጥታለች፤ የተዋሰችው እንደሆነ ያስታውቃል። ሸዋገነት ከጎኗ ቆማ ፈገግ አለችልኝ። ያ ፈገግታዋ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ ምስክራችን መጣች ብላ ነው እኮ። ወንጌል ላይ እጄን አስጭነው አስማሉኝ። ደብተሩን ገልጠው፣

«ይህ ጽሕፈት የማን ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

«ለተ ማርያም የወልደኢየሱስ ልጅ እንደሆነች ከማን ሰማሽ?»

አባቴን አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ስማቸው ጥፍሩን ይበላል።

«ከማንም አልሰማሁ» አልኩ። «ሸዋገነት የጻፈችውን አስቀድሜ አይቼ፣ ሽልማት ስለነበረው ከራሴ ፈጥሬ ቀጠልኩበት።»

ይህን የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም። አባቴም እንዲህ በይ አላሉኝም። ውሸቱ ሸጋ ሆኖ እንዲቆም ብዬ እኔው ጨመርኩት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ አላልኳችሁም?

ክሱ ወደቀ። ደብተሩን መለሱልኝ። ግቢው ውስጥ ሰው ሲበተን ደብሪቱ ነጠላዋን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ አለፈችኝ። ሸዋገነት ግን ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«መሬቱስ ይቅር» አለች። «ያለ መሬት ኖረናል፤ እንኖራለን። እናቴን እንጨት ስትሸጥ የአራዳ ሴቶች ‹ዘርሽ ምንድን ነው?› እያሉ ነበር የሚያሽሟጥጧት። አንቺ ካነበብሽ ወዲህ ‹የወልደኢየሱስ ልጅ ነኝ› ትላቸው ነበር። ዛሬ ችሎት ሙሉ ሰው ውሸት ነው ሲባል ሰማ። ነገ ሲጠይቋት ምን ትበል፣ ይመኙሽ? አንቺ መጻፍ ታውቂ የለ፣ ንገሪኛ፤ ምን ትበል?»

ቆማ ጠበቀችኝ፤ የምር መልስ እንድሰጣት ነበር የምትጠብቀው። ኋላ ዞራ እናቷን ተከትላ ሄደች።

አባቴ ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ። «የአባቷ ልጅ!» አሉ በደስታ። «ነይ፣ ምሳ እንብላ። ጥሬ ሥጋ የሚሸጥበት ቤት ስማቸው አይቷል።»

ሄድኩ። በላሁም።